ለደጋው መንገድ ትልቁ ካርቡራቶር አያዋጣም

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን ኮሮላ ዲኤክስ ወይም ላዳ ጉልበት መጨመር የሚሻ ባለመኪና ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካርቡራቶር ነው። ገንዘብ የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ በሙከጡሪ አድርጎ ለሚ የሚያደርሰው መንገድ ለዚህ ዕቃ ጥሩ መፈተኛ ነው። ለሚ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ለቆላ የተለካ ካርቡራቶር ታዲያ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ጉልበት ይወርዳል።

ጥንድ ዌበር 40 ለእሽቅድምድም ነው። በ1,290 ሲሲው የዲኤክስ ሞተር ላይ ሲገጠም፣ በዝግታ ሲነዳ የአየሩ ፍጥነት ስለሚቀንስ ቤንዚኑ በደንብ አይበተንም። ባለ ሁለት ጉሮሮው ዌበር 32/36 ግን በከተማ በአንዱ ጉሮሮ ይሠራል፤ ሁለተኛው የሚከፈተው ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ ነው። ለመንገድ መኪና የሚያዋጣው ይኸኛው ነው።

ያገለገለ ዕቃ ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ሰው ዘንጉን በእጁ ይነቅንቅ፤ ከላላ አየር ያስገባል። የቤንዚኑን መጠን የሚወስኑትን ጄቶችም በትርፍነት ይጠይቅ። ለለሚ ብቻ ተብሎ እጅግ የጠበበ ጄት፣ ወደ ጀማ ወንዝ ሲወረድ ቤንዚን አንሶት ሞተሩን ያግላል።

ከዕቃው ስም ይልቅ ልኩን የጠየቀ ገዢ ሁለተኛ አይከፍልም።