ሶሌታ በማይሞላበት ቀን ማን ያበላል?

በከተማችን የግንባታ ሳይቶች ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) የሚሞላበት ቀን የቀን ሠራተኛው ጠግቦ የሚውልበት ቀን ነው። አርማታ አንዴ ከተጀመረ መቋረጥ የለበትም፤ የፈሰሰው ከደረቀ አዲሱ በደንብ አይያያዘውም። ስለዚህ በብዙ ቦታ ባለቤቱ ዳቦና ለስላሳ ያስመጣል፣ እጁ የተፈታ ከሆነም በግ ይታረዳል። አሠሪዎቻችን የራበው ሰው ባሬላ ይዞ መወጣጫ እንደማይወጣ በሚገባ ያውቃሉ ማለት ነው። በሌላው ቀን ግን ይህ ዕውቀት ይጠፋቸዋል።

በሌላው ቀን ማለዳ ሻይ በዳቦ ይቀመሳል፣ ከተገኘ ፓስቲ ይታከልበታል፤ ከዚያ እስከ ምሳ ምንም የለም። አንድ የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ከባድ ጉልበት የሚያወጣ ወንድ በቀን እስከ 3,500 ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ የነጭ ዳቦና የስኳር ኃይል ደግሞ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ክንድ ይዝላል፣ ፎርማኑም «ሰነፍ» ብሎ ይሳደባል። ሻዩም የራሱ ጣጣ አለው፦ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። አሸዋ ሲያመላልሱ ለሚውሉት ሴቶች ይህ ይበልጥ ይከፋል፤ የወር አበባ የሚወስደውን ብረት መተካት አለባቸውና።

ጉዳዩ የምጽዋት አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት በሥራ ቦታ ያለ ደካማ አመጋገብ ምርታማነትን እስከ 20 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ጽፏል። ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢንዶኔዥያ የጎማ እርሻ፣ ደም ያነሳቸው ሠራተኞች ለ60 ቀናት ብረት ሲሰጣቸው የሥራ ውጤታቸው ከጤነኞቹ ጋር ሊስተካከል ተቃርቧል።

መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በውሃና በጨው ይጨበጣል ወይም ይበጠበጣል። የገብስ ቆሎ ላይ ሽምብራና ለውዝ ሲቀላቀልበት ፕሮቲን ያገኛል፦ 100 ግራም ሽምብራ 20 ግራም ገደማ፣ ለውዝ 25 ግራም ገደማ አለው። ከሻዩ ይልቅ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ቢጠጣበት ብረቱም በተሻለ ይገባል። ሁሉም የጾም ነው፤ ጾም የያዘ ሰው ደግሞ ድርሻውን ከፍቺ በኋላ ይውሰድ።

«ታዲያ ሠራተኛው ለምን ስንቁን ራሱ አይዝም?» ይባላል። ስንቅ የሚያዘጋጅ ቤት ይፈልጋል። ከገጠር መጥቶ በአንድ ክፍል ተደራርቦ የሚያድር ልጅ ገብስ የሚቆላበት ምጣድ የለውም፤ እናቱ የቋጠረችለትም በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ከሱቅ እንዳይገዛ ከዕለት ገቢው ላይ የቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የሚላክ አለበት። ረሃቡን የሚያሸንፈው በርካሹ ነገር ነው፤ አንዳንዱም በጫት። ደግሞም በግሉ ዘርፍ አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ሠራተኛውን «ራስህን መግብ» ማለት ቀልድ ነው።

ሳይት ያላችሁ ባለቤቶችና ኮንትራክተሮች፣ ከሲሚንቶው ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ አንድ ጆንያ ቆሎ፣ አንድ ጆንያ በሶና ንጹሕ ውሃ አስቀምጡ። ረፋድ ላይ ሩብ ሰዓት ዕረፍት ስጡ። ወጪውን ግን ከሠራተኛው የቀን ክፍያ እንዳትቆርጡ።