ግራኒ የተባሉ ነገሮች

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ አያቱን «ግራንድማዘር» ብሎ የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው። ሴቷ ግራኒ፣ ግራንማ ወይም ናና ናት፤ እንግሊዞች ናንም ይላሉ። ወንዱ ግራንፓ፣ ግራንዳድ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ግራምፕስ ነው። እነዚህ የቁልምጫ ስሞች ከቤት ወጥተው ለዕቃና ለድርጊት መጠሪያ ሲሆኑ ግን ዕጣቸው ይለያያል። ግራንዳድ ቀሎታል፤ ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ በስሙ ይጠራል። ፌዙን የተሸከመችው ግራኒ ናት።

መርከበኞች ሲጎተት የሚንሸራተተውን ቋጠሮ «የግራኒ ቋጠሮ» ይሉታል። ደህናው ቋጠሮ ሁለተኛው ጥልፍ ከመጀመሪያው በተቃራኒ ይዞራል፤ የግራኒው ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ነው። የጫማዎ ማሰሪያ ክንፎች ግራና ቀኝ መጋደሙን ትተው ወደ ጣትና ወደ ተረከዝ ከዞሩ፣ ያሰሩት እሱን ነው። ዳገት የሚያስወጣው ቀላሉ የብስክሌት ማርሽም የግራኒ ነው፤ የሚያፌዙበትም ዳገቱ ሲጠና ይገቡበታል። አውስትራሊያ ውስጥ ግራኒ ፍላት የሚባለው ጓሮ ያለ ትንሽ መኖሪያ ነው፣ የእኛን ሰርቪስ ቤት የሚመስል። አያት ባይኖርም ይከራያል።

ስሙ ክብር ያገኘው በአረንጓዴው ፖም ነው። ግራኒ ስሚዝ የእውነት ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ማሪያ አን ስሚዝ በ1799 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ተወልደው ሲድኒ አጠገብ ሲያርሱ፣ በ1868 ገደማ ማንም ያልተከለው የፖም ችግኝ እርሻቸው ላይ በቀለ። በ1870 አረፉ፤ ፖማቸው ዓለምን ሲዞር አላዩም። ዛሬ ዝርያው የጋሞው ጨንቻ ድረስ ደርሷል።

እኔን የሚገርመኝ የቅርጫት ኳሱ ነው። ኳስን በሁለት እጅ ከጉልበት መካከል አንስቶ ከታች ወደ ላይ መልቀቅ «የግራኒ ውርወራ» ይባላል። አሜሪካዊው ሪክ ባሪ በዚህ ስልት ከ10 ነፃ ውርወራ 9 ያህሉን ያስገባ ነበር። ግዙፉ ዊልት ቻምበርሌይንም ሞከረው፤ በ1962 ብቻውን 100 ነጥብ ባስቆጠረበት ጨዋታ ከ32 ነፃ ውርወራ 28ቱን አገባ። ከዚያ ተወው። እንደ ሴት መታየቱ አሳፍሮት እንደነበር በኋላ ራሱ ጽፏል። በ1967–68 የውድድር ዘመን ከ100 ነፃ ውርወራ የሚገባለት 38 ብቻ ነበር።