ድምፅን ሳይቀይሩ ማድረስ፦ በእጃችን የሠራናቸው ሁለት ስፒከሮች

ውድ ወላጆቻችንና የተከበራችሁ ሽማግሌዎቻችን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንገልጽላችሁ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮችን እንዴት እንደሠራን ነው። «የቅርስ ክፍልን ከስፒከር ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ያገናኘን አንድ ካሴት ነው።

ከመካከላችን የአንዷ አያት በ1990ዎቹ ወንድማቸው ከጎንደር የላኩላቸውን ካሴት እስከ ዛሬ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠዋል። በዚያን ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ የማይሆንለት ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ እጅ ይልክ እንደነበር እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። እኛ ለክፍላችን የዘር ሐረግ ስንሠራ ካሴቱን በአሮጌ ትንሽ ቴፕ አዳመጥንና «ጋሼም በሰኔ አርፈዋል» የሚል ሰማን። ስለዚህ በወረቀታችን ላይ ከታላቅ ወንድማቸው ስም አጠገብ «በሰኔ ዐረፉ» ብለን ጻፍን። ለአያታችን ስናነብላቸው ደነገጡ፤ ቀጥሎም እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ጋሼ መቼ ሞቱ? እሳቸውማ እዚሁ አገር መጥተው የልጅ ልጅ ድረዋል!» አሉን። ካሴቱ የሚለው «በሰኔ አርሰዋል» ነበር። በሬ ጠምደው እርሻ ያረሱትን ሰው እኛ ቀብረናቸው ኖሯል።

ስሕተቱ ግማሹ የእኛ የአማርኛ ማነስ ነው፤ ይህን አንክድም። ሰኔ የእርሻ ወር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ባልተሳሳተ ነበር። ግማሹ ግን የቴፑ ነው። «ሰ» ስንል በጥርሳችን መካከል የሚወጣው የፉጨት ድምፅ አብዛኛው ጉልበቱ በሰከንድ ከ4,000 ጊዜ በላይ በሚርገበገብ አየር ላይ ነው። ይህ ክፍል ከተቆረጠ የሚቀረው ትንፋሽ ብቻ ስለሆነ «ሰ» እና «ፈ» ይመሳሰላሉ። የድሮው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው እስከ 3,400 ድረስ ብቻ ስለነበር በስልክ ስም ማስጻፍ ያስቸግር የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። የአሮጌው ቴፕ ትንሽ ስፒከርም ከዚያ የተሻለ አልነበረም።

ስፒከር ምን እንደሆነ ለመግለጽ ከነጋሪት የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ቄሶቻችን ነጋሪቱን ሲመቱ ቆዳው ይርገበገባል፣ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ ጆሯችን ይደርሳል። በስፒከር ውስጥ በቆዳው ፈንታ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ሾጣጣ አለ፤ በእጅ ፈንታ ደግሞ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል አለ። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ሲያልፍ ማግኔቱ ጥቅሉን ወደፊትና ወደኋላ ይወረውረዋል። ይህን አሠራር ዛሬ በምናውቀው መልክ ያቀረቡት ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ሲሆኑ ዘመኑም 1925 ነበር። አንድ ሾጣጣ ሁሉንም ድምፅ በደንብ ማውጣት ስለማይችል በየሳጥናችን ሁለት ሁለት አደረግን፤ ትልቁ 13 ሳንቲሜትር ያህል፣ ትንሹ 25 ሚሊሜትር ነው። ትልቁን ነጋሪት፣ ትንሹን ቃጭል ብለን ሰይመናቸዋል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረን ግን ሳጥኑ ነው። ትልቁን ስፒከር ያለ ሳጥን በእጃችን ይዘን ስናጫውተው ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጠነ። ምክንያቱ ሾጣጣው በፊት አየር ሲገፋ በኋላ ይስባል፤ ሁለቱ በጎን ዞረው ይገናኙና ይጣፋሉ። በተለይ ወፍራም ድምፅ እንዲህ ይጠፋል፤ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አንድ ማዕበሉ ወደ 7 ሜትር ስለሚረዝም ትንሽ ሾጣጣ አያግደውም። ካርቶን ቀደን በቀዳዳው ላይ ስንደግፈው ወፍራሙ ድምፅ ወዲያው ተመለሰ። እናንተም ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ንድፉ ከስፒከሮቹ ጋር የመጣ ነበር፤ እኛ አላሰላነውም። የእንጨቱ ውፍረት 18 ሚሊሜትር ይሁን ይላል። እኛ ግን ብልጥ ለመሆን ፈለግን። ማሲንቆ በቀጭን እንጨትና በተወጠረ ቆዳ አይደለም ወይ የሚጮኸው? ጭራውን ብቻውን ብትከረክሩት እኮ ከክፍሉ ማዶ አይሰማም፤ የሚናገረው ሳጥኑ ነው። በዚህ ሐሳብ ተመርተን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳጥኖች ከ6 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ሠራናቸው። ዘፈን ስናጫውት ሞቅ ያለና ደስ የሚል ድምፅ ሰጡን፤ ኮራን። ከዚያ የአያታችንን ካሴት አስገባን። አያታችን ትንሽ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወንድሜ እንዲህ ከእንስራ ውስጥ ሆኖ አይናገርም» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ማሲንቆ የራሱ ድምፅ እንዲኖረው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሳጥኑ ካልተናገረ ማሲንቆ አይደለም። ስፒከር ግን የሌላ ሰው ቃል የሚያደርስ መልእክተኛ ነው፤ ሳጥኑ ከራሱ ከጨመረ ቃሉን አበላሸ ማለት ነው። ጎንደር አጠገብ በወለቃ ሸክላ የሠሩ እናቶች ድስቱን በጣታቸው አንኳኩተው ጥራት ባለው ድምፁ ደኅንነቱን ይለያሉ። የስፒከር ሳጥንም በጣት አንኳኩቶ ይፈተናል፤ መልሱ ግን ተቃራኒ ነው። የሚያስተጋባው መጥፎ ነው፤ «ዱብ» ብሎ ዝም የሚለው ጥሩ ነው።

ስለዚህ እንደገና ጀመርን። ሁለተኛዎቹን ሃኪርያ ውስጥ በሚገኝ የአንዳችን ቤት ሕንፃ ሥር፣ በሚክላቱ (በመጠለያው) ሠራናቸው። ማታ ማታ ሁሉንም ወደ ላይ እናወጣ ነበር፤ መጠለያ በማንኛውም ሰዓት ባዶ ሆኖ መገኘት አለበትና። እንጨቱ 18 ሚሊሜትር ኤም.ዲ.ኤፍ ነው። የሳጥኑ ውጭ ቁመቱ 34፣ ስፋቱ 20፣ ጥልቀቱ 24 ሳንቲሜትር ሲሆን ውስጡ 10 ሊትር ያህል ይይዛል፤ የባለ 20 ሊትር ጄሪካን ግማሽ ማለት ነው። ድሮ ጥሩ ወፍራም ድምፅ የሚፈልግ ሰው እንደ ቁም ሣጥን የገዘፈ ስፒከር ይገዛ ነበር። በ1954 ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ፣ በደንብ በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ሾጣጣውን ሊቆጣጠር እንደሚችል አሳየና ስፒከር መደርደሪያ ላይ መውጣት ቻለ። የእኛም የታሸገ ነው። ኮላውን ቀብተን በገመድ ጠፍረን አሳደርነው፤ ውስጡን የትራስ ጥጥ ሞላንበት። አሽዶድ የባሕር አገር ናትና ኤም.ዲ.ኤፍ በእርጥበት እንዳያብጥ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቀለም አጠጣነው።

ድምፁን ለነጋሪቱና ለቃጭሉ የሚያከፋፍለው ደግሞ አንድ ትንሽ ወንፊት ነው። የመዳብ ሽቦ ጥቅል ወፍራሙን ድምፅ ያሳልፋል፣ ቀጭኑን ይከለክላል፤ ካፓሲተር የሚባለው ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። በእኛ ንድፍ ድንበሩ 2,800 አካባቢ ነው። የ«ሰ» ፉጨት እንግዲህ በቃጭሉ በኩል ይወጣል።

ሁሉን አገጣጥመን ስንከፍተው ግን ወፍራሙ ድምፅ ጠፋ፤ ተናጋሪውም ከየት እንደሚናገር አልታወቅ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ እንጨቱን ስንወቅስ ቆየን። ጥፋቱ የሽቦ ነበር። በአንደኛው ሳጥን ውስጥ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይረናቸው ኖሮ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ አንዱ በሬ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እንደሚጎትት ጥማድ። ይህን ለመለየት አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ይበቃል። የድንጋዩን ፖዘቲቭ በትልቁ ስፒከር ፖዘቲቭ ምልክት ላይ ለአፍታ ሲያስነኩት ሾጣጣው ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። በትንሹ ስፒከር ላይ ግን እንዳትሞክሩት፤ ሊበላሽ ይችላል።

በመጨረሻ ካሴቱን ስናጫውት «አርሰዋል» ጥርት ብሎ ተሰማ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት የቴፑን ራስ በአልኮልና በጥጥ ጠርገነው ነበር፤ ስለዚህ ምስጋናው ለስፒከሮቹ ብቻ አይደለም። ስፒከር ካሴቱ ላይ የሌለውን ነገር ሊጨምርም አይችልም፤ ሹክሹክታው እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ጎልቶ ይሰማል። አያታችን ግን ስለ ሹክሹክታው ምንም አላሉም። ወደ ሳጥኖቹ ጠጋ ብለው ተቀመጡና «አሁን እሱ ነው» አሉ፤ ቀጥሎም ካሴቱን ወደ መጀመሪያው እንድንመልሰው አዘዙን። እኛም ባልገባን ቦታ ሁሉ እያስቆምን ጠየቅናቸው፤ አንዱን ጎን ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብን። የዘር ሐረጋችንንም አረምን።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ፣ እባካችሁ ከፀሐይና ከመኪና ሙቀት አርቁት። በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ብትሰብሯቸው ማንም በስሕተት ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ስፒከሮቹ አሁን በክፍላችን መደርደሪያ ላይ ናቸው። ካሴታችሁን ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እናዳምጣለን፣ ወደ ኮምፒዩተርም እንገለብጥላችኋለን። ብቻ እናንተም አብራችሁን ተቀመጡ፤ ያለ እናንተ ስንት ሰው እንደምንቀብር አናውቅም።