«ኒገርዝ»፦ ከራፕ ክሊፕ ካርቱም የደረሰ ስም

ከሰከላ ተነሥቶ ጣናን አቋርጦ የሚወርደውን ወንዝ እኛ ጥቁር አባይ እንለዋለን፤ ሱዳኖች «አል ኒል አል አዝረቅ» ይሉታል። አዝረቅ በመደበኛው አረብኛ ሰማያዊ ነው። በሱዳን አረብኛ ግን ጠቆር ያለ ነገርም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ ቆዳው በጣም የጠቆረ ሰው «አዝረቅ» ይባላል። ጠይሙ «አኽደር» ነው፣ አረንጓዴ። ፈካ ያለው «አስፈር»፣ ቢጫ። ጥቁርን ሰው ፊት ለፊት ጥቁር ላለማለት የተበጀ የቀለም ሰንጠረዥ ነው። የአገሩ ስም ራሱ ከአረብኛው «የጥቁሮች ምድር» ከሚለው መጠሪያ የመጣ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይከብዳል። እኛም ብንሆን ፊቱ በፀሐይ የከሰለ ከሚል የግሪክ ቃል በወጣ ስም ነው የምንጠራው።

አል ማንሺያ በዚህ ወንዝ ዳር ያለ የምሥራቅ ካርቱም ሰፈር ነው። ከቅርቡ ጦርነት በፊት ሰፋፊ ቪላዎች፣ አጥር ላይ የተንዠረገገ አበባ፣ በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ፣ ጓዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ የእኛ አገር ሴት ነበሩበት። አጠገቡ ያለው ጅሬፍ ብዙ ሐበሾች የኖሩበት ነው። የማንሺያ ድልድይ ወንዙን አሻግሮ ወደ ሸርቅ አል ኒል ያደርሳል፤ በዚያ በኩል ሲዘልቁ ሐጅ ዩሱፍ አለ፣ ከደቡብ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር የተፈናቀሉ ሰዎች የሠፈሩበት። የሐጅ ዩሱፍና የመሰሎቹ ሰፈሮች ወጣቶች ከሃያ ዓመት በላይ «ኒገርዝ» የሚል ስም ተለጥፎባቸው ኖረዋል። ቃሉ ከአሜሪካ የራፕ ሙዚቃ የተወሰደ ነው። እንዴት መጣ? ለምንስ አልለቅ አለ?

መልሱ ከራፕ በፊት ይጀምራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ገዦች ሱዳንን የወረሩበት አንዱ ምክንያት ለወታደርነት የሚሆን ጥቁር ወንድ ፍለጋ ነበር። ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ የተፈነገሉ ልጆች ጠመንጃ እየተሰጣቸው «ሱዳኒ» የሚባሉ ሻለቃ ጦሮች ተቋቋሙባቸው። እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ «ሱዳኒ» ማለት የባሪያ ልጅ፣ ጥቁር ወታደር ማለት ነበር፤ የአባይ ዳር አረብ ነኝ ባይ ስሙን ለራሱ አይቀበለውም። በ1924 በእንግሊዝ ላይ የተነሣውን የነጭ ሰንደቅ ማኅበር የመራው አሊ አብደል ለጢፍ እናቱ ዲንካ፣ አባቱ ከኑባ ተራሮች ነበሩ። ከገዦቹ እኩል የካርቱም ባላባቶችም ተቃወሙት፤ አንድ ጋዜጣ እንደዚህ ያለ ዘር የሌለው ሰው የሚመራው ሕዝብ ምን ያህል ቢዋረድ ነው ብሎ ጻፈበት። ክንዱ የሚፈለግ፣ ቁጣው የሚፈራ፣ ሐሳቡ የማይሰማ ጥቁር ወንድ የሚለው ሥዕል የተሳለው ያኔ ነው። ክሊፕ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው።

ክሊፑ ሲመጣ ማን ተመለከተው? በ1983 እንደገና የተቀጣጠለው የደቡቡ ጦርነትና የ1984ቱ ድርቅ ያባረሩት ሕዝብ ካርቱም ዙሪያ ሠፈረ፤ በጦርነቱ ማብቂያ ግድም ቁጥሩ ሁለት ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርስ ይገመት ነበር። መንግሥት ጎጆውን በዶዘር እያፈረሰ ከዳር ወደ ባሰ ዳር ገፋው። እናቶች ልጆቻቸውን ለማብላት መሪሳና አረቂ ሲጠምቁ በሸሪዓው ሕግ እየተያዙ ይታሰሩ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ በአገሩ ቴሌቪዥን ላይ እርሱን የሚመስል ሰው ቢያይ የባህል ጭፈራ ላይ ነው። በዲሽ የሚመጣው የአሜሪካ ክሊፕ ውስጥ ግን እንደ እርሱ የጠቆረ ሰው መሐል ላይ ቆሟል። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው። መኪናው የራሱ ነው፣ ማንም አያዘውም፣ ማንንም አይለምንም። እነ ቱፓክ፣ እነ ፊፍቲ ሰንት። ልጁ ሱሪውን ወረድ አደረገ፣ ሰፊ ቲሸርት ለበሰ፣ ሰንሰለት አንጠለጠለ። ይህን ኩረጃ ብሎ ማቃለል ለእኔ አይሆንልኝም። በዚያ ከተማ ውስጥ ጥቁርነትን በክብር ያሳየው ብቸኛ መስኮት ያ ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህንን ስም ግን መጀመሪያ ለራሳቸው ያወጡት ልጆቹ ናቸው። በ1988 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው የካሊፎርኒያው የራፕ ቡድን ኤን ደብሊው ኤ «ኒገር» የሚለውን የባሪያ ፈንጋይ ስድብ ደረቱን ነፍቶ የራሱ መጠሪያ ማድረጉ ለዓለም ወጣት ሁሉ ደርሶ ነበር። ካይሮ በስደት የነበሩት የሱዳን ወጣቶች በበኩላቸው «ሎስት ቦይስ» እና «አውትሎውስ» በሚሉ ቡድኖች ተከፋፍለው በቆንጨራ እስከ መጨራረስ ደርሰዋል፤ በ2007 የዓለም የስደተኞች ቀን ሲከበር እንኳ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ጥፋቱ እውነት ነው። ካርቱም ውስጥም ዘራፊ ቡድን ነበር፣ በጩቤ የተወጋ ነበር፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱትም እዚያው ድሃ ሰፈር ያሉት ናቸው። ነገር ግን ስሙ በቡድኖቹ ላይ አልቆመም። ፖሊሱም ጋዜጣውም አነሡትና መልክን፣ አለባበስንና ሰፈርን በአንድ ቃል ጠቅልለው መክሰሻ አደረጉት። ልጁ ለክብር የለበሰው ልብስ ማስረጃ ሆነበት።

ቃሉ ሥር እንዲሰድ የረዳው አንድ የድንጋጤ ሰሞን ነው። የደቡቡ አማፂ ጦር መሪ የነበረው ጆን ጋራንግ ጁላይ 2005 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ በፈጸመ በ21ኛው ቀን በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። ካርቱም በሐዘንና በጥርጣሬ ነደደች፤ የደቡብ ወጣቶች ሱቅ ሰበሩ፣ ሰው ገደሉ፤ ከዚያ የሰሜን ጎበዞች ታጥቀው አጸፋውን መለሱ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ በከተማዋ መካከለኛ ሰፈሮች አእምሮ ውስጥ ወረድ ያለ ሱሪ የለበሰ ጥቁር ወጣት የዚያ ሰሞን ትዝታ ሆኖ ቀረ። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ወጥታ አብዛኞቹ ደቡቦች ሲሄዱ ስሙ አብሯቸው መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ለኑባውና ለዳርፉሩ ልጅ ተላለፈ።

ይህ የሚያስፈራ ጥቁር ወንድ ሥዕል አሜሪካ ላይም ቢሆን የራፕ ፈጠራ አይደለም። በ1830ዎቹ ቶማስ ራይስ የተባለ ነጭ ተዋናይ ፊቱን አጥቁሮ «ጂም ክሮው» ብሎ ሲጨፍር አዳራሽ ሞልቶ ይስቅ ነበር፤ ያ መጠሪያ በኋላ ለዘር መለያ ሕጎቹ ስም ሆነ። ከባርነት መፍረስ በኋላ ደግሞ የሚያስቀው ጥቁር ወደሚያስፈራው ጥቁር ተለወጠ። ሂፕ ሆፕ በ1973 ብሮንክስ ውስጥ በአንድ የሰፈር ድግስ ሲጀመር የጭፈራና የወሬ ጥበብ ነበር፤ ሽጉጥና እርቃን ገንዘብ እንደሚያመጡ የታወቀው ኩባንያዎች ከገቡበት በኋላ ነው። ክርክሩም ከውስጥ ተነሣ። በ2004 አትላንታ ያለው የስፔልማን ኮሌጅ ጥቁር ሴት ተማሪዎች ራፐሩን ኔሊን ስለ አንድ ክሊፑ ተጠየቅ ብለው ሞገቱት። ባይረን ኸርት በ2006 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም፣ ራፕ እየወደደ ያደገ ጥቁር ወንድ ሆኖ፣ እኛ ወንዶች ለምን ይህንን ጠባብ የወንድነት ሳጥን መረጥን ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ሙዚቃውን ሊያጠፉ የተነሡ አልነበሩም።

ከሱዳን ልጆች ወገን ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የከበደ መልስ ያለው ኢማኑኤል ጃል ነው። በልጅነቱ የአማፂው ጦር ወታደር ነበር፤ ከዕድሜው የተወሰነውን እኛው አገር፣ ጋምቤላ ውስጥ በፒኙዶ የስደተኞች ካምፕ አሳልፏል። በኋላ ራፐር ሆነ። በ2005 ከኮርዶፋኑ ድምፃዊ ከአብደል ጋድር ሳሊም ጋር፣ ደቡቡና ሰሜኑ በአንድ አልበም ዘፈኑ። በ2008 «ዋርቻይልድ» በሚለው አልበሙ ፊፍቲ ሰንትን በስሙ ጠርቶ፣ በእርሱ ስም የተሠራው የተኩስ ጨዋታ ሕፃናትን ምን እንደሚያስተምር ጠየቀው። ጠመንጃ ከቁመቱ የበለጠበት ልጅ ነው ይህንን የሚለው፤ ለዚህ ነው ተራ ተግሣጽ መስሎ የማይሰማኝ።

ሥዕሉ ባሕርም ተሻግሯል። ሜልበርን ውስጥ በ2007 አንድ የሱዳን ተወላጅ ወጣት በነጭ ጎረምሶች ተደብድቦ ሞተ። በዚያው ሰሞን የአውስትራሊያ የኢሚግሬሽን ሚኒስትር የአፍሪካ ስደተኞች ቅበላ የተቀነሰው ከኅብረተሰቡ ጋር መዋሐድ ስላቃታቸው ነው አሉ። ተደብዳቢው ተከሳሽ ሆነ ማለት ነው። በ2018 «የአፍሪካ ወሮበሎች» የሚለው ወሬ በዚያች ከተማ እንደገና ሲነግሥ የልጆቹ ልብስ፣ የልጆቹ ሙዚቃ፣ የልጆቹ ቁመት ዜና ነበር።

ወደ ማንሺያ ልመለስ። ሰፈሩን በፖለቲካ ያስጠራው የእስላማዊው ንቅናቄ መሪ ሐሰን አል ቱራቢ እዚያ ይኖር የነበረ መሆኑ ነው። በ1999 ከፕሬዚዳንቱ ከአል በሽር ጋር ሲለያይ ሱዳኖች ክፍፍሉን «ቤተ መንግሥቱና ማንሺያ» ብለው ጠሩት። በ2000 በየመስጊዱ ደጃፍ የተበተነው «ጥቁሩ መጽሐፍ» ከነጻነት ወዲህ የሥልጣን ወንበሮችን የያዙት አብዛኞቹ ከአንድ ጠባብ የሰሜን አካባቢ መሆናቸውን በስምና በቁጥር ዘረዘረ። አዘጋጆቹ ቀድሞ የቱራቢ ንቅናቄ ሰዎች የነበሩ የምዕራብ ሱዳን ተወላጆች ናቸው፤ ከእነርሱ የዳርፉሩ የፍትሕና እኩልነት ንቅናቄ ወጣ። ንቅናቄው በሜይ 2008 ኦምዱርማንን ሲወጋ፣ በማግስቱ በካርቱም ጎዳናዎች ወጣቶች በመልካቸውና በአነጋገራቸው እየተለቀሙ ታሰሩ። ያኔ ሱሪያቸውን ያየ የለም።

የተለየ ነገር የታየው በ2019 ነው። ከአፕሪል 6 እስከ ጁን 3 ከጦሩ ዋና መምሪያ ፊት በተቃውሞ በተቀመጠው ሕዝብ መሐል የሐጅ ዩሱፍ ልጅና የማንሺያ ልጅ አንድ ሰልፍ ላይ ቆሙ። ቀደም ሲል መንግሥት የዳርፉር ተማሪዎችን አሻጥረኛ አድርጎ በቴሌቪዥን ሲያቀርብ፣ ሕዝቡ ለዘረኛው ፕሬዚዳንት «አገሩ ሁሉ ዳርፉር ነው» በሚል መፈክር መልሶለት ነበር። ራፐሩ አይመን ማው እዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለፈሰሰው ደም ሲዘፍን ሰንሰለትም መኪናም አልነበረም፤ በስልክ የተቀረጸው ምስል የአንድ ወንድና ቃሉን ቃል በቃል የሚመልስለት ሕዝብ ብቻ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ከተማዋ እስከ ዛሬ ከሰጠችን የሂፕ ሆፕ ምስል የሚበልጠው ያ ነው። ሰልፉ በደም ተበተነ።

በአፕሪል 2023 በጦሩና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲነሣ የፈጥኖ ደራሹ ተዋጊዎች ቪላዎቹ ውስጥ ገቡ፤ በሰው ሳሎን፣ በሰው ሶፋ ላይ ጠመንጃ ይዘው ራሳቸውን በስልክ ቀረጹ። አቋቋማቸው የክሊፕ አቋቋም ነው፣ ጥይቱ ግን እውነተኛ። እነዚሁ ተዋጊዎች በዳርፉሯ አል ጀኒና ውስጥ ማሳሊቶችን «ባሪያ» እያሉ ጨፈጨፉ። በሌላው ወገን ጦሩ በያዛቸው የሰሜን ግዛቶች «የእንግዳ ፊቶች ሕግ» የሚል ስም የወጣለት የአስቸኳይ ጊዜ አሠራር መጣ፤ ከምዕራብ የመጣ የሚመስል ፊት ያለው መንገደኛ ይጠየቅ፣ ይታሰር ጀመር።

የጅሬፍ ሐበሾች በመተማ በኩል ተመለሱ። አብረዋቸው የተሻገሩ ሱዳናውያን ምዕራብ ጎንደር ውስጥ በኩመርና በአውላላ ካምፖች ሠፈሩ፤ ዘረፋና ግድያ ሲበዛባቸው በሜይ 2024 ብዙዎቹ ካምፑን ለቀው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ተቀመጡ። ከእነርሱ ውስጥ ካርቱም ላይ በዚያ ስም የተጠሩ ወጣቶች መኖራቸውን አልጠራጠርም። እኛም ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ልጅ እናሞግሳለን፣ ሙሽራ እንመርጣለን፤ ለጋምቤላና ለቤንሻንጉል ሰው ደግሞ «ሻንቅላ» የሚል ቃል አያቶቻችን ትተውልናል፣ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ዛሬም ይሰማል። እነዚያ ልጆች አሁን አማርኛ እየለመዱ ነው።