አከርካሪዋ የጠፋ ጀልባ

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። እኛ በደብረ ታቦር ብርድ ተቀምጠን ስለ ጀልባ ስንጽፍ አንባቢ ይገረም ይሆናል። ነገር ግን የደቡብ ጎንደር ምድር በምዕራብ በኩል የሚያልቀው በውሃ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በተማሪዎች መካከልም «የጣናን ታንኳ እናሻሽላት፤ ሸራ እንትከልላት» የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይነሣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ሸራ የሚጠይቀውን ሳያውቁ መትከል ሰውን ከነጭነቱ የሚያሰጥም ነገር ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ እናቀርባለን። አንደኛው፣ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ከሥሯ ያለው አከርካሪ ጠፍቶ ብትገኝ በምን ይተካላታል? ሁለተኛው፣ ታንኳ ያለ አከርካሪ እንዴት ትኖራለች?

አከርካሪ የምንለው ፈረንጆች «ኪል» የሚሉትን፣ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደውን ክፍል ነው። ሥራውም ሦስት ነው።

አንደኛ፣ አካሏን ይይዛል። ሳንቃዎቹ ሁሉ የሚያያዙት በእርሱ ላይ ነውና ጀልባዋ በማዕበል መካከል እንዳትጎብጥ ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ ወደ ጎን መንሸራተትን ይከለክላል። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ሸራው ጀልባዋን ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋታል። ከሥር የወረደው ሰፊ ገጽ ውሃውን ተደግፎ ይህን ግፊት ይቋቋማል። እርሱ ከሌለ ጀልባዋ ነፋሱ ወደ ወሰዳት ትሄዳለች እንጂ ባለቤቷ ወዳሰበው አትደርስም።

ሦስተኛ፣ ከባድ ከሆነ ሚዛን ይጠብቃል። ይህን በቀላል ሒሳብ እንየው። ሸራው ከመካከለኛው ነጥብ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ በ20 ኪሎ ኀይል ቢገፋ፣ የመገልበጡ ጉልበት 20 ጊዜ 1.5 ማለትም 30 ይሆናል። በውሃ ውስጥ 100 ኪሎ የሚመዝን እርሳስ ወይም ብረት ከዚያው ነጥብ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢታሰር፣ ጀልባዋ 30 ዲግሪ ስታዘነብል ክብደቱ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ይወጣል። የመመለሱም ጉልበት 100 ጊዜ 0.3 ማለትም 30 ነው። እንግዲህ የሆዷን ስፋት ሳንቆጥር ሁለቱ ጉልበቶች በዚያ ላይ ይተካከላሉ ማለት ነው። አከርካሪው ጠፍቶ ሸራው እንዳለ ቢቀርስ? መልሱን አንባቢ ራሱ ያገኘዋል።

ወደ ታንኳ እንመለስ። ታንኳ ከደንገል እስር የተሠራች ስለሆነች የምትንሳፈፈው በራሱ በደንገሉ ቅለት ነው። የሚሞላ ባዶ ሆድ የላትም። ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነችም በቀላሉ አትገለበጥም። የምትሄደው በረጅም እንጨት ወይም በመቅዘፊያ እየተገፋች ነው፤ የገፊውም ጉልበት ወደ ፊት ስለሆነ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነገር እምብዛም የለም። ችግሯ ሌላ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳልና ከውሃ አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ታንኳ አከርካሪ የጎደላት ጀልባ አይደለችም። ሥራዋ አከርካሪ አልጠየቃትም።

በጋፋት መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በጣና ላይ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው በእጅ የሚዞሩ መንኰራኵሮች እንዳስገጠሙላቸው፣ በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። ነገሩን በዛሬው ዕውቀት ስናየው መንኰራኵር ከሸራ ይልቅ ለደንገል ይስማማል፤ የሚገፋው ወደ ፊት ነውና።

ሸራ በደንገል ላይ ሲተከል ምን እንደሚሆን ያሳየው ደግሞ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። ከጣና የተወሰደ ደንገል በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ በቻድ ሐይቅ ሰዎች እጅ ታስሮ «ራ» የተባለች መርከብ ሆነ። በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ልታቋርጥ ጥቂት ሲቀራት የኋላዋ ክፍል ሰጠመና ተጓዦቹ ጥለዋት ወጡ። በጥንታውያን ሥዕሎች ላይ የተጠመዘዘውን የኋላ ጫፍ ከወለሉ ጋር የሚያያይዝ ገመድ ነበረ። ሠሪዎቹ ጌጥ መስሏቸው ተዉት። ገመዱ ግን የኋላውን ክፍል ደግፎ የሚይዝ ኖሯል። በተከታዩ ዓመት ሁለተኛይቱ «ራ» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። በንግሥት ሐትሼፕሱት ዘመን ወደ ፑንት የሄዱት የግብፅ መርከቦች ሥዕልም ከፊት እስከ ኋላ የተወጠረ ወፍራም ገመድ ያሳያል። አካልን የመያዙን ሥራ ገመድ ሠራው ማለት ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ተዘጋጅተናል። አከርካሪዋ የጠፋ አሮጌ ጀልባ የያዘ ሰው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሥራ።

1. የጠፋው ምን ዓይነት እንደ ነበረ ይወቅ። ከሥር በኩል የቡሎን ቀዳዳዎች በተርታ ካሉ ከባድ አከርካሪ ነበረ። በመካከል ረጅም ስንጥቅ መሰል ቀዳዳ ካለ ግን የነበረው ወደ ታች የሚወርድ ሳንቃ ነው።

2. ክብደቱንና ቅርጹን ከተመሳሳይ ጀልባ ወይም ከንድፉ ይውሰድ። በግምት አይሥራ።

3. ቦታውን ይጠንቀቅ። ከልክ በላይ ወደ ፊት ከተደረገ ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ትመልሳለች፤ ወደ ኋላ ከተደረገ ከነፋሱ ትሸሻለች።

4. አዲሱን ከማሰሩ በፊት አሮጌውን እንጨት ይመርምር። የበሰበሰ እንጨት 100 ኪሎ አይሸከምም። ቡሎኖቹ በውስጥ በኩል በጠንካራ አግዳሚ እንጨትና በሰፊ የብረት ሰሌዳ ላይ ይጥበቁ።

5. መጀመሪያ ሸራ ሳይዘረጋ፣ ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ወደ ጎን ስቦ ያዘንብላት፤ ስትለቀቅ ቀጥ ብላ መመለሷን ይይ።

ከባድ አከርካሪ ያልተገኘ እንደ ሆነ፣ የሆላንድ ሰዎች በጠፍጣፋ ጀልባዎቻቸው ላይ እንደሚያደርጉት ሁለት ሳንቃዎችን በግራና በቀኝ ማንጠልጠል ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህ መንሸራተትን እንጂ መገልበጥን አይከለክልም። ስለዚህ ሸራው ማነስ አለበት።

ታንኳን እናሻሽል የምንል ሁሉ ከዚህ የምንማረው አለ። የጎደለ የሚመስለንን ከመጨመራችን በፊት ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ አሁንስ ያንን ሥራ ማን እየሠራው እንደ ሆነ እንጠይቅ። ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ ብቻ አናገኘውም። ደንገል ሲያስሩ ያደጉት የጣና ዳር ሰዎች መልሱን በእጃቸው ይዘውታልና ወርደን እንጠይቃቸው።