መብራት ሲቋረጥ የሚበላሸው የሶፍትዌር መዝገብ

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን በተጫነበት ኮምፒውተር አዲስ ፕሮግራም በመጫን ላይ ሳለን መብራት ድንገት ቢቋረጥ፣ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ ሌላ ፕሮግራም አልጭንም ሊል ይችላል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለምንገኝ የሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን በዚህ ጊዜ ፈጥኖ የሚቀርብልን ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ይህ ግን የመመረቂያ ጽሑፍን ጨምሮ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። ለመሆኑ የተበላሸው ምንድን ነው?

ዲፒኬጂ የተባለው የፓኬጅ አስተዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ለዴቢያን የተሠራ ነው። የእያንዳንዱን ፓኬጅ ስም፣ እትም፣ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆችና የሚገኝበትን ደረጃ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል። ፋይሉን እንደ ንብረት ክፍል መዝገብ ልናየው እንችላለን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲዘረፍ የጠፋው ንብረቱ ራሱ ነበር፤ እዚህ ግን አብዛኛው ንብረት በቦታው አለ፤ የታመመው መዝገቡ ነው።

ምክንያቱ ፊዚካዊ ነው። የኮምፒውተሩ ሜሞሪ መረጃን የሚይዘው እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ካፓሲተሮች ውስጥ በሚገኝ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ኃይል ሲቋረጥ ሙሉ ይፈስሳል፤ ወደ ዲስኩ ገና ያልተጻፈውም አብሮ ይጠፋል። ዲፒኬጂ ይህን በመገንዘብ አዲሱን መዝገብ በተለየ ፋይል ጽፎ ከጨረሰ በኋላ በቀድሞው ቦታ ይተካዋል፤ የቀድሞውንም ቅጂ ያስቀምጣል።

ስለዚህ ጥገናው በቅደም ተከተል ይከናወን። አስቀድመን የራሳችንን ሥራ በፍላሽ እንገልብጥ። ቀጥሎ «የተቋረጠውን አዋቅር» የሚለውን የዲፒኬጂ ትእዛዝ እንስጥ፤ ትእዛዙን ብዙውን ጊዜ ሥርዓቱ ራሱ በስክሪኑ ላይ ያመለክተናል። ጭነቱ በመሐል ብቻ ከቆመ ይህ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። መዝገቡ ራሱ የማይነበብ ከሆነ ግን የተበላሸውን ፋይል ሳንሰርዝ ወደ ጎን አኑረን፣ የቀድሞውን ቅጂ ወይም ሥርዓቱ በየጊዜው ካስቀመጣቸው መጠባበቂያ ቅጂዎች የቅርቡን እንተካለን። ከቅጂው በኋላ የተጫኑ ፓኬጆች በመዝገቡ ስለማይገኙ እነርሱን ብቻ ደግመን እንጭናለን።

ፎርማት የመጨረሻው መፍትሔ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም። የጉዳቱን ቦታ ለይቶ ማወቅ የጥገናው እኩሌታ ነውና።