ስለ ርካሽ ኤርፎን ድምፅ፤ አንዱ ያመሰገነውን ሌላው ስለምን ይነቅፈዋል?

በገበያ ላይ ከሚሸጡ ዕቃዎች መካከል ጥራታቸው በዓይን ታይቶ፣ በእጅ ተዳስሶ፣ በሜትር ተለክቶ የሚታወቅ ብዙ ናቸው፤ አቡጀዲ፣ ቆርቆሮና ምስማር ከዚሁ ወገን ይቆጠራሉ። ጥራቱን ለመፍረድ የሚያስቸግር ዕቃም አለ። በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ እየገባ ሙዚቃና ንግግር የሚያሰማው ርካሽ ኤርፎን አንዱ ነው። ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ ስማቸውና ቀለማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፍሬዎች ለሁለት ደንበኞች ይሸጣሉ፤ አንደኛው በማግስቱ ተመልሶ ለወንድሙም ይገዛል፤ ሁለተኛው ግን «ድምፁ ጆሮ ይበሳል፤ ዕቃው ብልሹ ነውና ገንዘቤ ይመለስልኝ» ሲል ይመጣል። ባለሱቁ የትኛውን ይመን? አስመጪውስ ያንኑ ዕቃ ደግሞ ይዘዝ ወይስ ይተወው?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ጉዳዩን ከመሠረቱ ለመረመረ ሰው ሁለቱም ደንበኞች እውነት ሊናገሩ እንደሚችሉ ግልጽ ይሆንለታል። የአስተያየቱ መለያየት የታወቁ ምክንያቶች አሉት፤ ምክንያቶቹን ያወቀ ነጋዴም ራሱን ከኪሳራ፣ ደንበኛውን ከቅሬታ ያድናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የዕቃው አመጣጥ

ይህ ዓይነቱ ኤርፎን በውጭ አገር ገበያ «ሞኒተር» እየተባለ ይጠራል። ስሙ የመጣው ከመድረክ ነው። ዘፋኞችና የሙዚቃ ተጫዋቾች በታላላቅ ድምፅ ማጉያዎች መካከል ቆመው የራሳቸውን ድምፅ መስማት ስለሚቸግራቸው፣ የውጭውን ጫጫታ የሚከለክልና የራሳቸውን ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አስፈለጋቸው። በአሜሪካ ኤቲሞቲክ ሪሰርች የተባለው ድርጅት በ1991 ኢአር-4 የተባለውን ሞዴል ለገበያ አቀረበ። በ1995 ደግሞ ከቫን ሄለን የሙዚቃ ጓድ ጋር ይሠራ የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጄሪ ሃርቪ አልቲሜት ኢርስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ዕቃው የባለሙያና የባለገንዘብ ነበር። ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት ግን የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት ስለ ሠሩት ዋጋው ወርዶ፣ ዛሬ በ20 ዶላርና ከዚያም ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

ዋጋው መውረዱ ድምፁን የግድ መጥፎ አያደርገውም። የድምፅ ተመራማሪው ዬሩን ብሬባርት በ2017 ባወጣው ጥናት 283 የጆሮ ማዳመጫዎችን ለክቶ፣ በዕቃው የመሸጫ ዋጋና በድምፁ አሰላለፍ መካከል ዝምድና እንደሌለ አሳይቷል። ስለዚህ «ርካሽ ስለ ሆነ ድምፁ መጥፎ ነው» ማለትም፣ «ውድ ስለ ሆነ ድምፁ መልካም ነው» ማለትም ለነጋዴ የሚበቃ ሚዛን አይደለም።

የሁለት ሞዴሎች ምሳሌ

ከማናቸውም ኤርፎን የሚወጣው ድምፅ በሦስት ሊከፈል ይችላል፤ ይኸውም እንደ ከበሮና እንደ ቤዝ ጊታር ያለው ወፍራም ድምፅ፣ የሰው ንግግርና ዜማ በብዛት የሚገኝበት መካከለኛ ድምፅ፣ እንደ ጸናጽል ያለው ቀጭን ድምፅ ናቸው። ፋብሪካው ከሦስቱ የትኛውን ከፍ፣ የትኛውን ዝቅ እንደሚያደርግ የሚወስነው በራሱ ምርጫ ነው።

ኬዜድ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2018 ያወጣው ዜድኤስኤን የተባለው ሞዴል ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ከፍ፣ መካከለኛውን ዝቅ በማድረግ የታወቀ ነው። በቼንግዱ ከተማ የሚገኘው ሙንድሮፕ ደግሞ በ2022 ቹ የተባለውን ሞዴል በ20 ዶላር ገደማ ሲያወጣ፣ ወፍራሙን ድምፅ ገታ አድርጎ የሰው ድምፅ ጎልቶ እንዲሰማ አደረገ። ስለ መጀመሪያው አንዱ አድማጭ «ሕይወት ያለው፣ የሚያስጨፍር» ሲል፣ ሌላው «ጆሮ የሚያደክም» ይላል። ስለ ሁለተኛውም አንዱ «ንጹሕና የጠራ» ሲል፣ ሌላው «ባዶና ቀጭን» ይለዋል። ዕቃዎቹ የተሠሩት እንዲህ እንዲያሰሙ ታስቦ ስለ ሆነ፣ ከነዚህ ነቀፌታዎች አንዱም ብልሽትን አያመለክትም።

የመለያየቱ ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት ጆሮው ራሱ ነው። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቀዳዳ ርዝመቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ስፋቱና ጠመዝማዛነቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ጆሮ ክፍት ሳለ በ3000 ሄርትዝ አካባቢ ያሉትን ድምፆች በተፈጥሮው ያጎላል። ኤርፎን ሲደፍነው ይህ የተፈጥሮ ማጉላት ስለሚጠፋ፣ ሠሪው የጎደለውን በግምት መልሶ ይጨምራል። ግምቱም የአማካይ ጆሮ ግምት ስለ ሆነ፣ ጆሮው ከአማካዩ ለሚለይ ሰው ወይ ይበዛበታል ወይ ያንስበታል።

ከዚህም የሚብሰው የጫፉ ላስቲክ ነገር ነው። ላስቲኩ ቀዳዳውን በደንብ ካልዘጋው ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ሾልኮ ይጠፋል፤ ቀጭኑም ብቻውን ጎልቶ ጆሮ ይበሳል። ብዙ ጊዜ በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ላስቲክ ተጨምሮ ሳለ፣ ገዢው ከፋብሪካ በተሰካው መካከለኛ ላስቲክ ብቻ አዳምጦ ይፈርዳል። ስለዚህ ጆሮ በሳኝ ብሎ የመጣው ደንበኛ ነገር በላስቲክ ለውጥ ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የግል ፍላጎት ነው። በአሜሪካ የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪ የነበሩት ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቻቸው በ2018 ባቀረቡት ጥናት፣ 130 አድማጮች 31 ዓይነት የጆሮ ማዳመጫዎችን እንዲያወዳድሩ ተደርጎ አድማጮቹ በሦስት ወገን ተከፍለው ተገኝተዋል። ከመቶ 64 የሚሆኑት ኩባንያው በምርምር ያዘጋጀውን የድምፅ ልክ ወደዱ፤ ከመቶ 15 ከዚያ የበለጠ ወፍራም ድምፅ ፈለጉ፤ ከመቶ 21 ደግሞ ያነሰ ወፍራም ድምፅ መረጡ። በመጨረሻው ወገን ሴቶችና ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በርከት ብለው ታይተዋል። ይህ ቍጥር እንዳለ ተወስዶ ለአዲስ አበባ ገበያ ማዘዣ አይሆንም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም አገር ይሠራል። አንድ ሞዴል የብዙዎችን ፍላጎት ሊያሟላ ይችላል፤ የሁሉንም ግን አያሟላም።

ሦስተኛው ምክንያት የድምፁ ከፍታ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ1933 እንዳስረዱት፣ ድምፅ ዝግ ሲል የሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። ስለዚህ አንድ ኤርፎን ዝግ ተደርጎ ሲሰማ ባዶ፣ ከፍ ተደርጎ ሲሰማ ግን ሙሉ ይመስላል። ሁለት ዕቃዎች ሲወዳደሩም ጥቂት ጮኽ የሚለው የተሻለ መስሎ ይታያል። በሱቅ ውስጥ ከፍታውን ሳያስተካክሉ ማወዳደር ሚዛኑ ባልተስተካከለ ሚዛን እንደ መመዘን ነው።

አራተኛው ምክንያት የሚሰማው ነገር ነው። በገና የሚያደምጥ ሰው የአውታሮቹን ጥልቅና ነዛሪ ድምፅ ይፈልጋል፤ ወፍራሙ ድምፅ የተገታበት ኤርፎን ይህን አያረካውም። ዜና፣ ስብከትና ትምህርት የሚከታተል ሰው ግን ቃላት ጠርተው እንዲሰሙት ይሻል፤ የከበሮው ኃይል ለእርሱ እንቅፋት ነው።

አምስተኛው ምክንያት ዓይን ጆሮን ማታለሉ ነው። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 ባቀረቡት ጥናት፣ አድማጮች ድምፅ ማጉያዎቹን እያዩ የሰጡት ነጥብና በመጋረጃ ተከልለው ሳያዩ የሰጡት ነጥብ የተለያየ ሆኖ ተገኝቷል። የዕቃው ስም፣ ግዙፍነትና ዋጋ ፍርዱን ያዛባል። በኤርፎንም እንዲሁ ነው። «በውስጡ አምስት ድምፅ አውጪ አለው» ተብሎ በሳጥኑ ላይ ሲጻፍ ገዢው ይማረካል። ይሁን እንጂ በሚገባ የተሠራ አንድ ድምፅ አውጪ በግዴለሽነት ከተገጠሙ አምስቱ ይበልጣል።

ቅሬታና ብልሽት የሚለዩበት መንገድ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ግን ለነጋዴው ማምለጫ ሊሆን አይገባም። በርካሽ ዕቃ ላይ የፋብሪካ ቍጥጥር ሊላላ ስለሚችል እውነተኛ ብልሽትም ያጋጥማል። የግራና የቀኝ ከፍታ አለመመጣጠን፣ ገመድ ሲነካ የሚቆራረጥ ድምፅ፣ ለስላሳ ዜማ ሲሰማ እንኳ የሚንጫጫ ወፍራም ድምፅ ሁሉ ብልሽት ናቸው። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ኤርፎኑ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ሲደረግ የሚያንሰው ወገን አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ በዚያው ጆሮ ከቀረ ግን ጥፋቱ የላስቲኩ ወይም የጆሮው ነው። ዕቃው ከተበላሸ ያለ ክርክር ሊለወጥ ይገባል።

አስመጪው ሊያደርገው የሚገባ

አስመጪው ጠቅላላ ገንዘቡን በአንድ የድምፅ ዓይነት ላይ ከማዋሉ በፊት ናሙና አስመጥቶ፣ በዕድሜና በሥራ ለተለያዩ ጥቂት ሰዎች የዕቃውን ስምና ዋጋ ሳይነግር ያሰማ። ቀጥሎም ቢያንስ ሁለት ዓይነት፣ አንዱን ወፍራም ድምፅ ለሚወዱ፣ አንዱን ንግግር ለሚያደምጡ ይዘዝ። በፕሮፎርማው ላይም ሦስት ልክ ላስቲክ መኖሩን፣ ገመዱ የሚነቀል ወይም የማይነቀል መሆኑን፣ የመሰኪያውንም ዓይነት ያስጽፍ። አፕል በ2016 አይፎን 7ን ያለ ክብ ሶኬት ካወጣ ወዲህ ሌሎችም ፋብሪካዎች ስለ ተከተሉ፣ ክቡ የ3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ብቻ ያለው ዕቃ ስልኩ ታይፕ ሲ ብቻ ላለው ደንበኛ ማገናኛ ካልተጨመረለት አያገለግልም። የኤርፎን ዓለም አቀፍ የጉምሩክ መደብ 8518.30 መሆኑንም ከሰነዱ ጋር ማመሳከር ይበጃል።

ባለሱቁ ሊያደርገው የሚገባ

ባለሱቁ ከመሸጡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፤ ደንበኛው አብዛኛውን ጊዜ ምን ያደምጣል? የስልኩ ሶኬት ምን ዓይነት ነው? የከበሮ ድምፅ መብዛት ደስ ይለዋል ወይስ ያውከዋል? ለማሰሚያ የሚሆን አንድ ፍሬ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ላስቲኩንም ለየሰዉ ይለውጥ ወይም በሚገባ ያጽዳ፤ በአንዱ ጆሮ የገባ ላስቲክ ሳይጸዳ ወደ ሌላው መግባት የለበትምና። ድምፁ «እየዋለ ሲያድር ይለወጣል» የሚለውን የተለመደ ማባበያ ግን ይተው። በአመዛኙ የሚለምደው የደንበኛው ጆሮ እንጂ የሚለወጠው ዕቃው አይደለምና፣ ደንበኛው ካልለመደው የሚያፍረው ሻጩ ነው።

በመጨረሻም የጤና ነገር አይዘንጋ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ማዳመጥ የልኩ ወሰን ነው፤ ድምፁ ከዚህ ከፍ ሲል ሰዓቱ ማጠር አለበት። በትክክለኛ ላስቲክ የተዘጋ ጆሮ የመንገዱን ጫጫታ ስለማያስገባ ደንበኛው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። ስለሆነም ላስቲክ አስተካክሎ የሚሸጥ ነጋዴ ድምፁን ከማሳመሩም በላይ የደንበኛውን ጆሮ ይጠብቃል።

የአድማጮች አስተያየት መለያየቱ አይቀርም። ነጋዴው ግን «ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነው» በማለት ፈንታ «ይህ ለእንዲህ ዓይነቱ አድማጭ ይስማማል» ብሎ ለመናገር ከበቃ፣ የሚመለስበት ዕቃ ይቀንሳል፤ ከትርፉም የሚበልጠው የደንበኛው እምነት ይጸናለታል።